በአሮጌ ቨርዥን ያስኮላሸሁት አውራ በግ

ወገን፣ ዛሬ አንድ አውራ በግ በእኔ ትእዛዝ ሙክት ሆኗል።

በጉ ምንም አላጠፋም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ መሳቅ የምትፈልጉም እስክጨርስ ታገሱኝ።

«ሼር እንዳታደርጉ» ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? ወሬው ዘመሮ ገበያ ከፌስቡክ ቀድሞ ደርሷል። አሁን ወደ ቢሮ ስመጣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ጨዋታቸውን አቋርጠው ብድግ ብለው ሰላም አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ በትሕትና ሰላም ተብዬ አላውቅም።

ለማታውቁኝ፦ እኔ በጎችን በኮምፒውተር የምመዘግብ ሰው ነኝ።

አትሳቁ አልኩ እኮ!

የበግ አርቢዎች ማኅበር አለን። ሥራው የመንዝን በግ ዘር ማሻሻል ነው። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለትና ይመዘናል። በሦስት ወሩ ይመዘናል፣ በስድስት ወሩ ይመዘናል፣ ዓመት ሲሞላው ይመዘናል። ክብደቱ በሙሉ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። በዓመት አንድ ቀን አባላቱ ወጣት ወንድ በጎቻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። የተሻሉት ተመርጠው ለመንደሩ በጎች ሁሉ አውራ ይሆናሉ። ያልተመረጡት እዚያው፣ በዚያው ቀን ይኮላሻሉ። ደካማው ከመንጋው ጋር ከዋለ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

ያ ቀን ዛሬ ነበር።

ዳታቤዛችን ደግሞ እንደዋዛ እንዳይመስላችሁ፤ ክላውድ ላይ ነው። ይህችን ቃል ስናገር ደረቴ እንዴት እንደሚነፋ ብታዩ! ዘመድ ቤት እንኳ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲሉኝ «ክላውድ ላይ ነን» ነው የምለው። ማንም ደግሞ አይጠይቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ ያለው ባሕር ማዶ፣ አንድ ኩባንያ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኛ ላፕቶፕ ላይ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም «ክላየንት» ትባላለች፤ የምናስገባውም የምናነበውም በእሷ ነው። ጎተራው እዚያ፣ ቁናው እኛ ጋ ነው በሉት። ኩባንያው በየጊዜው ጎተራውን ያድሳል። ሲያድስ ቁናውም መቀየር አለበት፤ እሱ ነው «አዲስ ቨርዥን» የሚባለው። አሮጌውን ቁና ይዘህ ብትቀጥል ለተወሰነ ጊዜ ይታገሱሃል። ከዚያ «ሳፖርት አብቅቷል» ይሉሃል። ከዚያ በኋላ የሰፈርከው ቢጎድል ጩኸትህን የሚሰማ የለም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ደመወዝ የሚከፈለኝ ይህንን ላውቅ ነው።

ኩባንያው ኢሜይል ልኮልኛል። አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ አይደለም። ሁሉም «ውድ ደንበኛችን» ብለው ይጀምራሉ። እኔ «ውድ ደንበኛዬ» የሚለኝን ሰው አላምንም፤ ጨርቅ ነጋዴውም እንዲህ ያለኝ ቀን ነው ከሜትሩ ላይ የሚያጎድልብኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው መስመር አላለፍኩም።

አንዷን ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቤያታለሁ። «አሮጌው ክላየንት ከዚህ ወር መጨረሻ በኋላ አንዳንድ መረጃዎችን በትክክል ላያሳይ ይችላል» ትላለች። «አንዳንድ»፣ «ላያሳይ ይችላል»። የፈራ ሰው አነጋገር ነው ብዬ ናቅኳት። ቁርጡን የማይናገር ኩባንያ ምን ያስፈራል አልኩ።

ፕሮግራሙም ዝም አላለም። በከፈትኩት ቁጥር ከላይ ቢጫ መስመር ብቅ ትልና በእንግሊዝኛ «ይህ ቨርዥን ድጋፍ የለውም፣ አሁኑኑ ያድሱ» ትላለች። ከጎኗ «በኋላ አስታውሰኝ» የምትል ቁልፍ አለች። ያቺን ቁልፍ የተጫንኳትን ያህል የቤቴን በር አልከፈትኩም።

ምክንያት ነበረህ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ሞልቶ! ኢንተርኔታችን በዶንግል ነው። አፕዴቱን ለማውረድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ሊያልቅ ሲል መብራት ይጠፋል፣ እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ደግሞ ዳታ ተዘግቶ የከረመበት ጊዜም ነበር። ያኔማ ሰበቤ በመንግሥት ደረጃ ጸደቀልኝ። ሁሉንም በሪፖርት ጽፌዋለሁ፤ ኃላፊዬም «ተግዳሮቶች» በሚለው ርዕስ ሥር አስገብቶልኛል።

እውነቱ ግን ስንፍናና ኩራት ነው። «የሚሠራ ነገር አይነካም» የምትል መመሪያ ነበረችኝ። ለሠልጣኞች ሁሉ አስተምሬያታለሁ፤ ደብተራቸው ላይ ጽፈዋታል።

እዚህ ላይ ትግስት ትገባለች።

ትግስት ከጓሳ ተራራ ማዶ ያሉትን ጎጦች የምትሸፍን መረጃ ሰብሳቢያችን ናት። ሚዛኗን ተሸክማ በእግሯ እየዞረች በጎቹን ትመዝናለች፣ በራሷ ላፕቶፕ ታስገባለች። ባለፈው ለዘመድ ሠርግ ደብረ ብርሃን ስትወርድ ላፕቶፗን ይዛ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ግማሽ ቀን ቁጭ ብላ አዲሱን ቨርዥን ጫነች። በራሷ ጊዜ፣ የሠርግ ልብሷን እንደለበሰች።

እኔ ምን አደረግሁ? አመሰገንኳት?

ግምገማ ላይ አነሳሁባት።

«ማዕከል ሳይፈቅድ ሲስተም ነክታለች፤ የዲሲፕሊን ጉድለት ነው» አልኩ። ማዕከል ማለት እኔ ነኝ። ኃላፊዬ ራሱን በሐዘን ነቀነቀና ግለ ሂስ አድርጊ አላት።

ትግስት ተነሳች። «አዲሱ ቨርዥን ክብደትን የሚያስቀምጥበት ቦታ ተቀይሯል» አለች። «እኔ በአዲሱ ያስገባሁትን እሱ በአሮጌው አያየውም። ሁላችንም እኩል እንቀይር ነው ያልኩት።»

«ይህ ግለ ሂስ አይደለም» ተባለችና ቁጭ አለች። በቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ፊርማዬም አለበት። የሰውየውን ብቃት እያያችሁ ነው?

ወደ ዛሬ ልመለስ፤ ባልመለስ ደስ ባለኝ።

ከዞን እንግዶች መጥተዋል። ለምን? «ምርጥ ተሞክሮ» ሊቀምሩ! በመንዝ ደጋ ላይ አውራ በግ በዳታ የሚመረጥበት ማኅበር ተገኘ ተብሎ። ኃላፊዬ አዲስ ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ላይ ያለው የፋብሪካ ምልክት እንኳ አልተነሳም። ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ወጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ባለ አበባ ጨርቅ ተነጥፏል፣ ጨርቁ ላይ ላፕቶፔ ተቀምጣለች። ከጓሳ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። የኛ ሰዎች የሱፍ ባናቸውንና በርኖሳቸውን ደርበው ተቀምጠዋል፤ እንግዶቹ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ።

ቢጫዋ መስመር አስጠላችኝ። እንግዳ ፊት «ድጋፍ የለውም» የሚል ነገር ደስ አይልም። ምን አደረግሁ መሰላችሁ?

ፕላስተር ለጠፍኩባት።

የቁስል ፕላስተር ነው የምላችሁ! ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ሣጥን ወስጄ፣ በልኳ ቆርጬ፣ ስክሪኑ ላይ ጠበቅ አድርጌ። «ላፕቶፑ ምን ሆነ?» ያለኝን አንዱን እንግዳ «ትንሽ ተጭሮ ነው» አልኩት። ማስጠንቀቂያን በፕላስተር የሚያክም ባለሙያ ከኔ በፊት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር።

በሌላው ዓመት ዝርዝሩ ከተነበበ በኋላ የአውራ መራጭ ኮሚቴው ሽማግሌዎች በበጎቹ መሃል ይዘዋወሩ ነበር። ቃል አይተነፍሱም። ይቅር ያሉትን በግ ጀርባውን በዱላቸው ጫፍ ነካ ያደርጉታል፣ ያልፋሉ። ዱላ የነካው በግ አይኮላሽም፤ ዳታው የፈለገውን ይበል።

ቃል የማይተነፍሱት ወደው አይደለም። እዚህ አገር የሰው ከብት በአደባባይ አይወደስም። «እንዴት ያለ በግ ነው» ያልከው በግ ነገ እግሩ ቢሰበር ዓይንህ ነው የሰበረው። ባለቤቱም የራሱን አያሞግስም፤ ያንኳስሳል እንጂ። ይህን የመንዝ ሕፃን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፣ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ነው ያደግሁት።

ዘንድሮ ግን የዱላውን ነገር ከፕሮግራሙ ሰረዝኩት። ጊዜ ይፈጃል ብዬ! የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው፤ ጠዋት ጠርቼ ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ እንግዶቹ ዳታ ነው ሊያዩ የመጡት፤ የዱላው አሠራር ኋላቀር ነው ይሉናል» አልኳቸው።

ዱላቸውን አዩት። እኔን አዩኝ።

«እሺ ልጄ» አሉ።

ሽማግሌ ሳይከራከር «እሺ» ሲልህ ሩጥ። እኔ ግን ማይክ ልሞክር ሄድኩ።

ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥር እጠራለሁ፣ በጉ ይመጣል፣ «አውራ» ወይም «ይኮላሽ» እላለሁ። በቀኝና በግራ እለያለሁ፤ የምጽአት ቀን ዳኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ድምፄን እንኳ አወፍር ነበር፣ እግዜር ይይልኝ።

መጨረሻ ላይ ሦስት በጎች ቀሩ። ሦስቱም ከማዶው ጎጥ፣ ትግስት የመዘነቻቸው ናቸው። ፕሮግራሙ ሦስቱንም ከሁሉ በታች ደርድሯቸዋል። ዝርዝሩ የሚያሳየው ደረጃቸውን ብቻ ነው። ክብደታቸውን ለማየት ቁጥራቸው ላይ አንዴ መጫን ይበቃል።

አልተጫንኩም።

ሁለቱ ሲመጡ እውነትም በቁማቸው የሞቱ ነበሩ። አንደኛው ሲያስነጥሰው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። እንግዶቹ ዳታውን አደነቁ። እኔም ራሴን አደነቅሁ።

ከዚያ ሦስተኛው መጣ።

የእትዬ አስካለ በግ ነው። እንዴት ልንገራችሁ። ቀይ ዳማ፣ ደረተ ሰፊ፣ ቀንዱ ዞሮ የተመለሰ፣ ላቱ ከኋላው ከግራ ቀኝ የሚወዛወዝ። ሲመጣ ሌሎቹ በጎች መንገድ ለቀቁለት። እትዬ አስካለ ገመዱን ይዘዋል፤ ማን ማንን እንደሚጎትት ግን አይታወቅም።

እትዬ አስካለን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከእሳቸው በረት አውራ ወጥቶ አያውቅም። በየዓመቱ የሰው አውራ እየተዋሱ፣ ተራ እየጠበቁ፣ ሌላው ከጨረሰ በኋላ ነው በጎቻቸው የሚጠቁት። ይህን በግ ለገና በዓል ብሎ ነጋዴ ደጃፋቸው ድረስ መጥቶ ለምኗቸው አልሰጡም። ለዛሬ ነበር ያቆዩት። ይህን እኔም አውቃለሁ።

ላፕቶፔ «መጨረሻ» ትላለች። ዓይኔ «አንደኛ» ይላል። ዲፕሎማዬ ለላፕቶፗ አደላ።

ለይስሙላ ጠየቅኋቸው። በማይክ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ። «እትዬ አስካለ፣ በግዎ እንዴት ነው? ጠንካራ ነው ይላሉ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «ምኑ ይጠነክራል ልጄ። ከሲታ ነገር ነው። ቢበላም አይታይበት።»

ታዲያ ምን ሊሉ ኖሯል? ያ ሁሉ ዓይን ተሰብስቦ ሳለ «አዎ፣ አንበሳ ነው» ይበሉ?

እኔ ግን ወደ እንግዶቹ ዞሬ «አያችሁ፣ ባለቤቱ ራሳቸው አረጋገጡ» አልኩ።

ጋሽ ሸዋንግዛው በጉን እያዩ አማተቡ። «በስመ አብ» አሉ። «ልጄ፣ እስኪ ደግመህ እየው።»

«አይቻለሁ ጋሼ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ጋሼ፣ ዳታ አይዋሽም።»

ማይኩ ክፍት ነበር። ሜዳው በሙሉ ሰማኝ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዱላቸውን ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ ኃላፊዬ ክንዳቸውን ያዝ አደረገና «ፕሮግራም እንዳናበላሽ አባቴ» አላቸው። ዱላው ወደ መሬት ተመለሰ።

ሌላው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። እኔ ለከሲታው በግ ያዘኑ መስሎኝ! ማንም «ይህ በግ አይነካም» ማለት አይችልም፤ ካለ ዓይኑ የሰው ከብት ላይ ነበር ማለት ነው። ሁሉም የእኔን ዓይን ነበር የሚጠብቁት። እኔ ባለሥልጣን ነኝ፣ ቁጥር ይዣለሁ፣ ብናገር የሚታማብኝ የለም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

የእንስሳት ጤና ባለሙያው የማኮላሻውን መቆንጠጫ ይዞ ቀረበና በጉን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ይሄንን?» አለ።

«ይሄንን» አልኩ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። በጉ አንዴ ብቻ ጮኸ። እትዬ አስካለ ፊታቸውን ወደ ጓሳ አዙረው ነበር።

ትግስት የደረሰችው ከዚያ በኋላ ነው። የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቀረውን በእግሯ ነው የመጣችው። አቧራ በአቧራ ሆናለች። በጉን አየች፣ መቆንጠጫውን አየች፣ እኔን አየች። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ከኔ ጎን ባለ አበባው ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና ከፈተችው።

ሁለታችንም ያወረድነው ያንኑ መዝገብ ነው። በእሷ ስክሪን የእትዬ አስካለ በግ አንደኛ ነው። በኔ ስክሪን መጨረሻ። አንድ መዝገብ፣ አንድ በግ።

አሁን የበጉ ቁጥር ላይ ተጫንኩ። አሁን!

ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።

ዜሮ ኪሎ በግ። ከፊቴ ቆሞ ይተነፍሳል፣ መዝገቤ ላይ ግን አየር ነው። ትግስት አዲሱን ቨርዥን ስትጭን ያስገባችው ክብደት በሙሉ፣ የቀድሞውም ጭምር፣ ወደ አዲሱ ቦታ ተዛውሯል፤ የኔ አሮጌ ፕሮግራም አሮጌው ቦታ ላይ ባዶ ሲያገኝ ዜሮ ብሎ ቆጥሮታል። ልክ ግምገማው ላይ እንደነገረችን። ቃለ ጉባኤው ላይ ቃል በቃል አለ፤ «ተቀባይነት ያላገኘ አስተያየት» በሚለው ሥር።

ከዚያ ትግስት ጣቷን ሰደደችና ፕላስተሩን ከጫፉ ይዛ ላጠችው። ቀስ ብላ። ቢጫዋ መስመር ወጣች። እንግዶቹ ደግሞ እንግሊዝኛ ያነባሉ።

ሮጥኩ። ሸሽቶ ነው እንዳትሉ፤ ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ትንፋሽ አጥሮኝ የኩባንያውን ሳፖርት በስልኬ ቻት ላይ ከፈትኩ። ኬቪን የሚባል መለሰልኝ። ሰው ይሁን ማሽን እስካሁን አላወቅሁም።

«ሰላም! ዛሬ ቀንዎ እንዴት ነው?» ይላል።

ቀኔን ልንገርህ ኬቪን?

የክላየንቴን ቨርዥን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «ይህ ቨርዥን ድጋፉ አብቅቷል። አራት ማሳሰቢያዎች ልከንልዎታል» አለኝ። ልከራከረው ኢሜይሌን ከፈትኩ። አራት ናቸው። ሦስቱ ያልተነበቡ።

«የተሠራውን ወደነበረበት መመለስ ይቻላል?» ብዬ ጻፍኩ።

«በእርግጥ! ምንም አልጠፋም። አዲሱን ቨርዥን ሲጭኑ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።»

ሁሉም ነገር! ኬቪን ወንድሜ፣ አንተ የምታውቀው ሮልባክ፣ ወደ ኋላ መመለሻ ያለውን ነገር ብቻ ነው።

«ሌላ ልረዳዎ የምችለው ነገር አለ?» አለና ጥቂት ጠብቆ ዘጋው።

እዚያ ጉብታ ላይ ቆሜ ኩባንያውን ልሰድብ ፈለግሁ። አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል? አልነገሩኝም? ነግረውኛል። አላስጠነቀቁኝም? ቢጫ ቀለም ቀብተው አስጠንቅቀውኛል። እስከዛሬ ለሁሉም ነገር የሚሰደብ ሰው አጥቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ቢጠፋብኝ ብቻዬን ቀረሁ።

ስመለስ ኃላፊዬ ለእንግዶቹ «መጠነኛ የኔትወርክ መቆራረጥ ስላጋጠመ ነው» እያለ ያስረዳል። ከእንግዶቹ አንዱ ማስታወሻ ደብተሩን ከደነ። ሌላው «ታዲያ ተሞክሮው ይቀመራል ወይስ ይቀራል?» ብሎ ጠየቀ። ስለ በጉ የጠየቀ የለም።

እትዬ አስካለ ገመዱን እንደያዙ ቆመዋል። ትግስት ጠጋ ብላ ነገረቻቸው፤ አንደኛ እንደነበረ።

ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አወረዱ።

«እንግዲህ ከአሁን ወዲያ ዓይን ምን ያደርገዋል» አሉ። «ልናገረው።»

ተናገሩት። ሲወለድ ውርጭ እናቱን ገድሏት በጋቢያቸው ጠቅልለው እሳት ዳር እንዳሳደጉት። ወር ሳይሞላው ከትልልቆቹ ቀድሞ ዳገት ይወጣ እንደነበር። ቀበሮ የመጣ ቀን ግልገሎቹን ከኋላው አድርጎ በቀንዱ እንደቆመ። «እንዲህ ያለ በግ በረቴ ገብቶ አያውቅም» አሉ። «ለሰው ሁሉ ይተርፍ ነበር። እኔንም አንድ ቀን ሰው አውራ አውሺኝ ብሎ ይለምነኝ ነበር።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ተቀበሏቸው። «ከግልገልነቱ ጀምሬ ነው ዓይኔን የጣልኩበት፤ እንዳይታይብኝ መንገድ እየቀየርኩ ነበር የማልፈው» አሉ። ከዚያ ሌላው ተነሳ፣ ከዚያ ሌላዋ። ጠዋቱን ሙሉ መሬት ሲያዩ የዋሉ ሰዎች አፋቸው ተፈታ። ቀንዱን አነሱ፣ ላቱን አነሱ፣ አረማመዱን አነሱ። ለቅሶ ቤት ሟች እንደሚነሳው ነው ያነሱት። አንዲት ሴትዮ ዓይናቸውን ጠረጉ። በጉ መሃላቸው እግሩን አንፈርክኮ ቆሟል።

ሁሉም አይተውት ነበር ወገን። እኔም አይቼው ነበር። ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ኔትወርክ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። ኃላፊዬ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ።

እንዲህ ቶሎ! ተነፈስኩ፤ ጅል።

«በጉ እንግዲህ ሙክት ነው» አሉ ጀርባውን እየዳበሱ። «አደልበዋለሁ። ለፋሲካ ይታረዳል። አንተም ትመጣለህ።»

«እትዬ፣ እኔ እንኳ...»

«ትመጣለህ። አንተ ሳትቀመጥ ቢላ አይነካውም። የመጀመሪያው ጉርሻ ያንተ ነው፤ በእጄ ነው የማጎርስህ።»

ወደ ጋሽ ሸዋንግዛው ዞርኩ፣ ያድኑኝ ብዬ። «ደግ ብላለች» አሉ። «ይገባል።»

እዚህ አገር ይቅር ያለህ ሰው የሚያጎርስህን አትመልስም። አንዷን ከጎረስክ ደግሞ ሁለተኛዋ ትከተላለች።

አሁን ቢሮ ተቀምጬ አፕዴቱን እያወረድኩ ነው። ዘጠኝ ፐርሰንት ላይ ቆሟል። ኮሚቴው ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡን ትግስት ትያዝ ብሎ ወስኗል። እኔ ሚዛን እሸከማለሁ። ከማዶው ጎጥ እንድጀምር ነው የተባለው።

«ትምህርቱ ምንድን ነው?» የሚል አይጠፋም። አፕዴት አድርጉ ብዬ ልመክራችሁ አልችልም። ኩባንያው መክሮኛል፣ ትግስት መክራኛለች፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ሦስት ጊዜ ያህል መክረውኛል። ማንንም ያልሰማ ሰው እናንተን ምን ብሎ ይመክራል?

እኔ ነኝ ምክር የምፈልገው። እስከ ፋሲካ ጊዜ አለ። ያ ሁሉ ሰው ከቦኝ፣ እትዬ አስካለ ዓይን ዓይኔን እያዩ ያቺን ጉርሻ አፌ ውስጥ ሲያስቀምጡ፣ የሚሻለው ቀስ ብሎ ማኘክ ነው ወይስ ሳያኝኩ መዋጥ?